ብረት የማይገባበት ክፍል

አርባ ምንጭ ውስጥ የፊዚክስ መምህርት ነኝ። ይህን ከጅምሩ የምነግራችሁ ኋላ የሚመጣውን ስትሰሙ በደንብ እንድትስቁብኝ ነው። የትምህርት ቤታችን ላቦራቶሪ ባዶ ስለነበር፣ ከተበላሸ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ውስጥ ያወጣኋትን ክብ ማግኔት በቦርሳዬ ይዤ ከክፍል ክፍል እዞር ነበር። ምስማር እያስነሳሁ፣ የብረት ብናኝ እያስጨፈርኩ፣ "አያችሁ? ሳትነካው ትጎትተዋለች" እላለሁ። ያን ሁሉ ዓመት ይህን ሳስተምር የኖርኩት ሴትዮ ነኝ እንግዲህ፣ አዲስ አበባ ሄጄ ሰው የሚያስተኙበት ማግኔት ውስጥ ብረት ይዤ የገባሁት።

ነገሩ የሆነው ከሚሌኒየሙ በዓል ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ሲቀላ በሚባለው ሰፈር ከባለቤቴ ከታደለና ከትንሿ ልጃችን ጋር እንኖር ነበር። እናቴም እዚያው ግቢ ውስጥ በራሷ ቤት ትኖራለች። አባቴ የእርሻ ባለሙያ ሆኖ ሲመደብ ከጎጃም አብራው የመጣች ናት። እሱ ካረፈ በኋላ ዘመዶቿ "ነይ አገርሽ ግቢ" ቢሏት "ሙቀቱን ለምጀዋለሁ" ብላ ቀረች። ሙቀቱን ትልመድ እንጂ አማርኛዋ ግን ዛሬም ከጎጃም ንቅንቅ አላለም። ታደለ ደግሞ የዶርዜ ልጅ ነው፤ አባቱ ሸማኔ ናቸው።

እኔና እናቴ የምንጋጨው ሁልጊዜ በአንድ ነገር ነበር። እሷ "እንዲህ ይደረጋል" ትላለች፤ እኔ "ለምን?" እላለሁ። ልጄን የወለድኩ ጊዜ ከትራሴ ሥር ቢላ አስቀመጠች። ሽንት ቤት ልሄድ ስነሳ ምስማር ታስጨብጠኛለች። አራስ ብረት ሳትይዝ ብቻዋን አትወጣም፤ ክፉ መንፈስ ያገኛታል። እኔም "እማዬ፣ ተማሪዎቼ ቢያዩኝ ምን ይሉኛል?" እያልኩ ምስማሩን ደጃፍ ላይ አስቀምጬ እወጣና ስመለስ አንስቼ እገባለሁ። የማታውቅ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ልብስ ሳጥብ ጡት መያዣዬ ላይ፣ በግራ በኩል፣ ቡናማ ነጠብጣብ አየሁ። አሽቼ አጠብኩትና ረሳሁት። በሳምንቱ ደግሞ አገኘሁት። በሩን ዘጋሁና ጡቴን ጫን ብዬ አየሁ፤ ከጫፉ የደም ጠብታ ወጣች። ሕመም የለውም፤ እብጠትም በእጄ አልዳሰስኩም። አንዲት ጠብታ ብቻ። 

ለታደለ ነገርኩት። ታደለ ሲደነግጥ አያወራም። ጫማውን አደረገ፣ ወጣ፣ ባጃጅ ይዞ መጣ። ያየችን ሐኪም ወጣት ሴት ነበረች። ደጋግማ ከመረመረችኝ በኋላ "ምናልባት ምንም ላይሆን ይችላል፤ ግን ሳይታይ አይታለፍም" አለችና ወደ አዲስ አበባ ጻፈችልኝ። አዲስ አበባ የጡት ራጅ ተነሳሁ፣ በመርፌ ናሙና ተወሰደልኝ። ውጤቱን የነገሩኝ የቀዶ ሕክምና ሐኪም በዕድሜ ጠና ያሉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ታደለ ከጎኔ ተቀምጦ ነበር።

"ካንሰር ነው" አሉኝ። "ግን ገና ከበቀለበት ከወተት ቧንቧው አልወጣም። ቀድመሽ መጥተሻል።"

ከዚያ በኋላ ያሉትን ለጥቂት ጊዜ አልሰማሁም። የሰማሁት ታደለ "እንግዲህ ምን ይደረጋል ዶክተር?" ሲል ነው።

"ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ጡቱን ሙሉ በሙሉ ማንሳት ነው። ሁለተኛው የታመመውን ጥግ ብቻ አውጥቶ የቀረውን በጨረር ማከም። የትኛው እንደሚሻል የሚነግረን ስፋቱ ነው። ራጁ ላይ የማየው እንደ ጨው ብናኝ ያለ ነጭ ነገር ነው። ብናኙ አንድ ክፍል ውስጥ ነው ወይስ ቤቱን ሁሉ ሞልቶታል? ይህን በራጅ ብቻ እርግጠኛ ልሆን አልቻልኩም። በማግኔት የሚያነሳ ማሽን አለ፣ ኤም አር አይ የሚሉት። እሱ አጥርቶ ያሳየናል። የቀኙንም ጡት አብረን እናይበታለን።"

"እሱን ባልነሳስ?" አልኩ።

"ሳላይ አልወራረድብሽም። ሙሉውን አነሳዋለሁ።"

እውነቱን ልናገር፤ ጡቴን እፈልገው ነበር። ሰው "ዋናው ነፍስሽ ነው" ይላል፤ ልክ ነው፤ እኔም ለሌላ ሰው ያንኑ እል ነበር። ግን ልጄን ያጠባሁበት ነው። ሌላ ልጅ ወልጄ አጠባበታለሁ የምለው ነው። ልብሴን ስለብስ መስታወት ፊት የማገኛት እኔ ነች። ሙሉውን ማንሳት ግድ ከሆነ ይነሳ፤ ግድ ሳይሆን፣ ስላልታየ ብቻ መነሳቱ ግን አንገበገበኝ። የማሽኑ ቀጠሮ ተያዘልኝ፤ ቀዶ ሕክምናው ከዚያ በሁለተኛው ቀን ሆነ። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ ለአንድ ወር ወደ ውጭ አገር ይሄዳሉ።

የታደለ ፈቃድ በመጀመሪያው ጉዞ ስላለቀ በሁለተኛው አብራኝ የምትሄደው እናቴ ሆነች። እሱ ለቀዶ ሕክምናው ቀን ሊደርስ ተስማማን። ለእናቴ ሁሉንም አልነገርኳትም። "ትንሽ ነገር ናት፤ ፎቶ ተነስቼ ትወጣልኛለች" አልኳት። ጡቱ ሙሉ በሙሉ ሊነሳ እንደሚችል ደበቅኳት። እሷም ብዙ አልጠየቀችኝም፤ ሻንጣ ስታዘጋጅ ዋለች።

ከመሄዳችን በፊት አማቴ፣ የታደለ አባት፣ ከዶርዜ ወረዱ። ታደለ ማሽኑ ብረት እንደማይወድ ነግሯቸው ኖሯል። የሚያብለጨልጭ ክር የሌለበት፣ ጥለትም የሌለው፣ ነጭ ጋቢ ሠርተው አመጡልኝ። አማቴ አማርኛ ሲናገሩ ሴትና ወንድ ብዙም አይለዩም፤ በተለይ ልባቸው ሲነካ።

"ጥጥ ብቻ ነው" አሉኝ ጋቢውን ትከሻዬ ላይ እየጣሉ። "ብረት የለም፤ እኔ ራሴ አየሁ። አይዞህ ልጄ፤ አንተ ጠንካራ ነህ።"

አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ፣ ከታደለ እህት ቤት አረፍን። እናቴ ከከተማችን አጠገብ ካለችው ከላንቴ ያስመጣችውን ሙዝ ለሐኪሙ ብላ ስትጠብቀው አደረች፤ ለቤቱ ልጆች እንኳ አንድ አልገነጠለችም። በማግስቱ ጠዋት ማበጠሪያ ይዛ ከኋላዬ ተቀመጠች።

"ምን ልትሠሪ ነው?"

"ፀጉርሽ ተንጨባሮ ሐኪም ፊት አትቀርቢም።"

ጎነጎነችኝ። አንድ ወፍራም ጉንጉን አድርጋ ወደ ማጅራቴ አወረደችው። ስትጨርስ እጇ እዚያው ቆየት አለ፤ ክር ስታስር ተሰማኝ። የምትጸልይልኝ መስሎኝ አንገቴን ዝቅ አደረግኩላት።

የማሽኑ ባለሙያ ሄኖክ የሚባል ወጣት ነበር። ለጡት የሚሆነው ማስተኛ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ እንደሚገጠምና ቀኑም ዛሬ እንደሆነ ነገረን። ከዚያ መጠየቅ ጀመረ።

"በሰውነትሽ ውስጥ የተገጠመ ብረት አለ? ልብሽ ላይ የተቀመጠ መሣሪያ? ከአደጋ የቀረ ስብርባሪ?"

"የለም።"

"ጉትቻ፣ ቀለበት፣ ሰዓት፣ የአንገት ሐብል፣ የፀጉር ሽቦ፣ ሁሉም ይወልቃል። ብረት ከገባ አደጋ ነው።"

"ወንድሜ፣ የፊዚክስ መምህርት ነኝ" አልኩት፤ ያን ጊዜ የነበረኝን ኩራት ባያችሁ! "ማግኔት ምን እንደሚያደርግ ላስተምርህ እችላለሁ።"

እናቴ አጠገቤ ቆማ ሁሉንም ሰማች። ጉትቻዬን አወለቀችልኝ፤ ቀለበቴን ተቀበለችኝ፤ መስቀሌን ከማተቤ ፈትታ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። ጋቢዬን አቅፋ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠች። በሩ ሲዘጋ ዞር ብዬ አየኋት፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

ክፍሉ ይበርዳል። የአርባ ምንጭ ሰው ደግሞ ብርድ አይችልም። ለሚወጋኝ ማቅለሚያ መድኃኒት ክንዴ ላይ ቀጭን ቱቦ ገጠሙልኝ። በሆዴ ተደፋሁ፤ ጡቶቼ በሁለት ክፍት ቦታዎች ወደ ታች ወረዱ፤ ግንባሬን መደገፊያ ላይ አሳረፍኩ። ሄኖክ የጎማ ኳስ አስጨበጠኝ።

"ካስቸገረሽ ይህን ጨምቂው። ካልሆነ ግን አትንቀሳቀሺ። ከተንቀሳቀስሽ ፎቶው ይበላሻል።"

እሱን ነበር የፈራሁት። እጄም እግሬም ይንቀጠቀጥ ነበር። አልጋው ቀስ ብሎ ወደ ማሽኑ ጉድጓድ መግባት ጀመረ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ያን ጊዜ ከኋላዬ ሰው ጉንጉኔን ያዘ።

አዎ፣ ሰው የያዘው ነበር የመሰለኝ። ጉንጉኔ ከማጅራቴ ተነስቶ ቆመ፤ ወደ ፊት ይስበኝ ጀመር። ለአፍታ፣ እግዜር ይይልኝ፣ የእናቴ ክፉ መንፈስ ሁሉ እውነት ሆኖ መጣብኝ። ጉንጉኔ በራሴ ላይ ጠብቆ ሲወጠር ግን አንጎሌ ተመለሰ። የሬዲዮዋን ማግኔትና ምስማሮቼን አስታወስኩ።

"ብረት!" ብዬ ጮህኩ። "ብረት አለብኝ! አቁም!" ኳሱን እስኪፈርጥ ጨመቅሁት።

አልጋው ቆመ፤ ወደ ኋላ ተመለሰ። ሄኖክ እየሮጠ ገባና ጉንጉኔን በሁለት እጁ ይዞ ከማሽኑ አራቀኝ። ከክፍሉ አውጥቶ ፀጉሬን ሲፈታታ የተገኘችው የልብስ መርፌ ናት፤ ወፍራም፣ ጋቢ የሚሰፋባት ዓይነት። ጫፏ ከጉንጉኑ ወጥቶ ነበር። እንዳትወድቅ በነጭ ክር ከፀጉሬ ጋር ተጠፍራ ታስራለች።

ሄኖክ መርፌዋን በመዳፉ ይዞ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። እኔም የታካሚ ልብሴን ሰብስቤ ተከተልኩት።

"እማማ፣ ይህን ያደረጉት እርስዎ ነዎት?"

እናቴ አየችው፤ አልካደችም። "እኔ ነኝ።"

"ብረት አይገባም ስል አጠገቤ ቆመው ሰምተው የለም?"

"ጌጥ ነው የቆጠርህ። ጉትቻ አልህ፣ አወለቅን። ቀለበት አልህ፣ አወለቅን። እሷ ጌጥ አይደለችም፤ መጠበቂያ ናት።"

"በክር ባትታሰር ኖሮ እኮ እንደ ጥይት ነበር የምትወረወረው! ዓይኗ ላይ ብትሰካስ?"

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። ዓይኖቼን አንድ በአንድ አየቻቸው፤ እውነት መኖራቸውን የምታረጋግጥ ይመስል ነበር።

"ሌላስ አለ?" አለ ሄኖክ።

ጋቢውን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

"እማማ፣ ሌላስ?"

"ጋቢው ጥግ ላይ አንዲት ምስማር አለች" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ትንሽ ናት።"

አማቴ ብረት የለበትም ብለው ክር በክር ያዩት ጋቢ! ሌላ ጊዜ ቢሆን መሬት ላይ ተንከባልዬ እስቅ ነበር። ያን ጊዜ ግን ሄኖክ ሰዓቱን እያየ ነበር።

"አዝናለሁ" አለኝ። "ጊዜሽ አልፏል፤ ተረኛው ደርሷል። በዚህ ሁኔታ ደግሞ ምን እንዳለብሽ ሳላውቅ መልሼ አላስገባሽም። ለሚቀጥለው ሳምንት እናድርገው።"

"ከነገ ወዲያ ቀዶ ሕክምና አለኝ" አልኩት። "ያለ ፎቶው ሙሉውን ነው የሚያነሱት። ሐኪሙ ነግረውኛል።"

"ምኑን ነው ሙሉውን?" አለች እናቴ።

እጄን ደረቴ ላይ ሳደርግ ገባት።

"በእኔ መርፌ?" አለች። ወንበሩ አጠገቧ እያለ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። "በእኔ መርፌ ምክንያት ጡቷን ሊቆርጧት ነው?"

አላለቀሰችም። እናቴ ስታዝን አታለቅስም፤ ትናገራለች። ለእኔም ለሄኖክም ሳይሆን ለወለሉ መናገር ጀመረች።

"እህቴ ጡቷ ላይ ነገር ወጣባት። አፍራ ደበቀችው። ሲብስባት ሐኪም ቤት ወሰድናት። አስታማሚ አይገባም አሉንና ብቻዋን አስገባናት። ማደሪያ ፈልገን ስንመለስ አልፋለች። እጇን ማን እንደያዛት፣ ምን እንዳለች፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።" ቀና ብላ አየችኝ። "አንችንም በር ሊዘጉብሽ ነው። እኔም በር ላይ ልቀር ነው። ሰው ከሌላት ብረት እንኳ ይኑራት ብየ ነው።"

አክስቴ እንደሞተች አውቅ ነበር። በምን እንደሞተች ግን እስከዚያች ቀን ነግራኝ አታውቅም። "ትንሽ ነገር ናት" ስላት፣ ሳትጠይቀኝ ሻንጣ ስታዘጋጅ የዋለችው ለካ ሁሉንም አውቃ ነበር።

ሄኖክ መርፌዋን እያገላበጠ ቆየ። ቁጣው በርዶለታል።

"እናቴም እህቴ ስትወልድ ቢላ ታስቀምጥ ነበር" አለ። "ግን ሰው አጠገቧ ካለስ?"

"ሰው ካለማ ብረት ምን ያደርጋል!" አለች እናቴ፤ እንዲህ ያለ ነገር አለማወቁ ገርሟት። "ብረት የሚያዝ እኮ ሰው ሲታጣ ነው።"

"እንግዲያው ብረቱን ሁሉ ለእኔ ይስጡኝና እርስዎ አብረዋት ይግቡ።"

እናቴ አፏን ከፍታ አየችው። "ይፈቀዳል?"

"ይፈቀዳል። አንድ ሰው አጠገቧ መቀመጥ ይችላል፤ ብረት ከሌለበት።"

ተረኛው አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ነበሩ፤ ከዘራቸውን ይዘው ሁሉንም ነገር ሲሰሙ ኖረዋል። "ግቡ፣ ግቡ" አሉ እጃቸውን እያወዛወዙ። "እኔ ጉልበቴ ነው፤ የትም አይሄድብኝም።"

ከዚያ ከእናቴ ላይ የወጣውን ብረት ባያችሁ። የብር መስቀሏ፣ የእኔ መስቀል፣ ቀለበቷ፣ ነጠላዋ ጫፍ ላይ የተቋጠሩ ሳንቲሞች፣ ከቀሚሷ ሥር ሁለት መርፌ ቁልፍ፣ ከመቀነቷ ውስጥ የበር ቁልፍ። ሄኖክ የአንገቷን ንቅሳት አይቶ "ይህስ በምን ተሠራ?" አላት። "በጥላሸት ነው፤ በልጅነቴ" አለች። አሰበና "ካቃጠለዎት ወዲያው ይንገሩኝ" አለ። እኔንም ከራስ ፀጉሬ እስከ እግሬ ደግሞ ፈተሸኝ፤ ፀጉሬ ተበትኖ ነበር፤ ማንም ሐኪም ፊት እንዲያ ተንጨባርሬ ቀርቤ አላውቅም።

ተመልሼ በሆዴ ተደፋሁ። እናቴን ከእግሬ በኩል የላስቲክ ወንበር ላይ አስቀመጧት፤ ጆሮዋንም ደፈኑላት። አልጋው ሲንቀሳቀስ የግራ እግሬን ያዘች። ልጅ ሆኜ ትኩሳት ሲይዘኝ የምትይዘው አያያዝ ነው፤ አውራ ጣቷ ውስጥ እግሬ ላይ፣ አራቱ ጣቶቿ ከላይ።

ማሽኑ ጀመረ። ያን ድምፅ ያልሰማ ሰው አያውቀውም። ቆርቆሮ ጣራ ላይ ሰው መዶሻ ይዞ የወጣ ይመስላል፤ ይቆማል፤ ከዚያ ደግሞ በሌላ ምት ይጀምራል። ምቱ በተለወጠ ቁጥር የእናቴ እጅ ይጠብቃል። ፈርታለች። ግን አትለቅም። በጣቶቿ እንቅስቃሴ ጸሎቷን ተከተልኩት፤ የት ላይ እንደምትደርስ፣ መቼ እንደምትጀምር። ማቅለሚያው በክንዴ ሲገባ ቀዝቃዛ ነገር ወደ ላይ ወጣ፤ ያን ጊዜም አልተንቀሳቀስኩም። መጀመሪያ ስገባ የነበረው መንቀጥቀጥ የት እንደገባ አላውቅም። የሚያሳዝነኝ ነገር ቢኖር እሷ መፍራቷ ብቻ ነበር፤ ስለ እሷ ሳስብ የራሴን ረሳሁት።

ሲያልቅ ሄኖክ በመስኮቱ አውራ ጣቱን አሳየን። "ፎቶው ጥርት ብሏል" አለኝ ስወጣ። "አንድም ጊዜ አልተንቀሳቀስሽም።" መርፌዋንም በጥጥ ጠቅልሎ ለእናቴ መለሰላት፤ ምስማሯን ጨምሮ።

በማግስቱ ሐኪሙ ዘንድ ገባን። ኮምፒውተራቸው ላይ ሁለት ጥቁርና ግራጫ ቅርጾች ይታያሉ። ለረጅም ጊዜ ወደ ላይ ወደ ታች እያሉ አዩ። እኔ ፊታቸውን እያየሁ ነበር፤ እናቴ እጃቸውን። ከዚያ በእስክሪብቶ ጫፍ አንድ ቦታ ነኩ።

"እዚህ ጋ ናት። የባቄላ ፍሬ ታህላለች። ማቅለሚያውን የጠጣችው እሷ ብቻ ናት። የቀረው ንጹሕ ነው። ቀኙም ንጹሕ ነው።"

"ታዲያ?" አለች እናቴ። በቃላቸው ላይ ጣልቃ ስትገባ አላፈረችም።

"ታዲያማ፣ እናቴ፣ ጥጉን ብቻ አወጣለሁ።"

የተሰማኝን እንዲህ ነው ብዬ ልገልጸው አልችልም። ለሁለት ወር ደረቴ ላይ ተቀምጦ የነበረ ሰው ተነስቶ የወጣ መሰለኝ። ሳቅሁ፤ አለቀስኩ፤ ደግሞ ሳቅሁ። እናቴ ተነስታ የላንቴን ሙዝ በሙሉ ጠረጴዛቸው ላይ ዘረገፈችው። "ጠቁሯል፤ ግን ጣፋጭ ነው" አለቻቸው። ለታደለ ደውዬ ነገርኩት፤ "አለህ?" ስለው "አለሁ፤ ተናገሪ፣ ድጋሚ ተናገሪው" አለኝ። አማቴ ስልኩን ተቀብለው "አላልኩህም? ጥጥ ብቻ ነው!" አሉኝ። ስለ ምስማሯ እስከ ዛሬ አልነገርናቸውም። ይህን ቢያነቡ ይቅርታ።

ቀዶ ሕክምናው በቀኑ ተደረገ። የወጣችው ሥጋ ስትመረመር ጠርዟ ንጹሕ ሆነ፤ ካንሰሩ ከቧንቧው አልወጣም ነበር። ወረፋዬ ሲደርስ ጨረሩን ወሰድኩ። ግራ ጡቴ ከቀኙ ትንሽ ያንሳል፤ ጠባሳዋ የጣት ያህል ናት። በየጊዜው ክትትል አደርጋለሁ፤ እስካሁን ምንም የለም።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ እህቶቼ፣ የሰው ሁሉ ሕመም አንድ አይደለም። ያ ማሽን ለእያንዳንዱ ሰው ያስፈልጋል ብዬ አልዋሻችሁም፤ ያን ሐኪሞቻችሁ ያውቁታል። አንዳንዷም ፎቶ ተነስታ ሙሉው መነሳት አለበት ትባላለች፤ እሷም ትድናለች። እኔ የምለው ሌላ ነው። ልብሳችሁ ላይ ነጠብጣብ ካያችሁ አጥባችሁ አትርሱት። አክስቴ አፍራ ደበቀችው። እኔ ለአንድ ሳምንት ረሳሁት፤ ከዚያ በላይ ስላልዘገየሁ ነው የባቄላ ፍሬ ሆኖ የቀረው።

የሐኪም ቤት ዘበኞችና ነርሶችም፣ ይህን ስሙኝ። በር ላይ የሚቀረው ሰው ምን ይዞ እንደሚቀር አታውቁም።

መርፌዋን እናቴ ለእኔ ሰጠችኝ። ቤት ስደርስ ከሌሎቹ መርፌዎች ጋር ላስቀምጣት ስል ተጣበቁባት፤ ማሽኑ ማግኔት አድርጓታል። በማግስቱ ሳህን ውስጥ ውሃ ሞላሁና በቅጠል ላይ አስተኝቼ አንሳፈፍኳት። ቀስ ብላ ዞረችና ቆመች።

"ወዴት ነው የምታይ?" አለች እናቴ ከላይ ሆና።

"ወደ ሰሜን ነው እማዬ።"

"ወደ ጎጃም በያ!" አለችና እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ማግኔት ሳስተምር ከዚያ ወዲህ የሬዲዮዋን ትቼ ይህችን መርፌ ነው ይዤ የምገባው፤ ልጆቹ ከየት እንዳገኘኋት ሲጠይቁኝም እነግራቸዋለሁ። በተለይ ሴቶቹ በደንብ ይሰሙኛል።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ እናቴ ወገቧን ታመመችና የዚያው ዓይነት ማሽን ታዘዘላት። አብሬያት ሄድኩ። ጉትቻዋን እኔ አወለቅኩላት፤ መስቀሏን እኔ ፈታሁላት፤ የሳንቲሟን ቋጠሮ እኔ ፈታሁት። ባለሙያዋ አዲስ ልጅ ነበረች፤ እንደ ደንቡ ጠየቀቻት።

"እማማ፣ ብረት ይዘዋል?"

እናቴ ወደ እኔ ዞር ብላ አየችኝ፤ ከዚያም እግሮቿን አልጋው ላይ አመቻቸች።

"አልያዝሁም" አለቻት። "ልጄ አብራኝ ትገባለች።"